ሮም፤ ድንጋይዋን የማትጥል ከተማ

የዛሬዋ ሮም የቆመችው በጥንቷ ሮም ትከሻ ላይ ነው። ቲቤር ወንዝ በየዘመኑ እየሞላ ደለሉን ሲያራግፍ፣ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ እዚያው ሲደለደልና በላዩ ሌላ ቤት ሲሠራ፣ መሬቱ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ መጣ። በመሐል ከተማ በብዙ ቦታ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ሰው ይረግጠው የነበረው መንገድ አሁን ካለው አስፋልት ብዙ ሜትር ወርዶ ይገኛል። እንግዳ ሰው ሮም ውስጥ አጥር እየተደገፈ ቁልቁል ሲያይ የሚውለው ለዚህ ነው። ላርጎ አርጀንቲና በተባለው አደባባይ አውቶቡሶች እየተጋፉ ያልፋሉ፤ ከአጥሩ ሥር ባለው ጉድጓድ ደግሞ የአራት ቤተ መቅደሶች ቅሪት፣ ሣር የበቀለበት የድንጋይ ወለልና ፀሐይ የሚሞቁ ድመቶች ይታያሉ። ዩሊየስ ቄሳር በ44 ከክርስቶስ ልደት በፊት በጩቤ የተወጋው እዚሁ ጫፍ ላይ በነበረ አዳራሽ ነው። ድመቶቹን በጎ ፈቃደኞች ይመግቧቸዋል፤ ከጎብኚው ምንም ስለማይፈልጉ ዞር ብለውም አያዩትም።

ሮሙሉስ ከተማዋን ቆረቆረ የሚባለው በ753 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ኤፕሪል 21 ቀን ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገሩ አፈ ታሪክ ቢሆንም የሮም ሰዎች ዛሬም ቀኑን እንደ ከተማቸው ልደት ያከብሩታል። ከዚያ ወዲህ ሮም የሪፐብሊክ፣ የቄሳሮች፣ የጳጳሳት፣ ከ1871 ጀምሮም የተዋሐደችው ጣሊያን መዲና ሆናለች። አሁን 2.8 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖርባታል። ከእነዚያ ገዢዎች አብዛኞቹ ያገኙትን ቤት ወይ ገብተው ኖሩበት፣ ወይ አፍርሰው በድንጋዩ ሌላ አቆሙበት። ሮምን ሮም ያሰኛት አሮጌውን ድንጋይ ለአዲስ ሥራ የማዋል ይህ ልማዷ ነው።

ይህን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ማየት የሚሻ ከኮሎሲየም ጥቂት ደቂቃ በእግሩ ሄዶ ሳን ክሌሜንቴ ይገባል፤ በአማርኛ አጠራር የቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ከላይ ያለው በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው። ከመሠዊያው በላይ ያለው ግማሽ ጉልላት በወርቅማ ሞዛይክ የተሸፈነ ሲሆን፣ ከመስቀሉ ሥር የበቀለ ሐረግ እየተጠማዘዘ ግድግዳውን ሞልቶታል። ብዙ ጎብኚ ይህን አይቶ ይመለሳል። ቲኬት ቆርጦ ደረጃውን የወረደ ግን ሁለተኛ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። የ4ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ጆሴፍ መሎሊ የተባሉ አየርላንዳዊ የዶሚኒካን መነኩሴ በ1857 መቆፈር እስኪጀምሩ ድረስ ተቀብሮ ኖሯል። ከዚያም በታች ሌላ ደረጃ አለ። እዚያ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ይረጥባል፣ መተላለፊያው ይጠባል። ይህ የ1ኛው መቶ ዘመን የሮማውያን ሕንፃ ነው፤ በአንዱ ክፍል ሚትራ የተባለው አምላክ ኮርማ ሲያርድ የተቀረጸበት መሠዊያ ከነድንጋይ መደቦቹ እንዳለ ቆሟል። ከግድግዳው ወዲያ የሚወርድ ውኃ ድምፅ ይሰማል። ከላይ ቅዳሴ፣ ከሥሩ የጥንት ክርስቲያኖች ሥዕል፣ ከሥሩም ሥር የአረማውያን መሠዊያ፤ ሁሉም በአንድ ደረጃ ተያይዘው።

ኮሎሲየምን ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን አስጀምሮ ልጁ ቲቶ በ80 ዓ.ም. አስመረቀው። ርዝመቱ 188 ሜትር፣ ወርዱ 156 ሜትር፣ ከፍታው ወደ 48 ሜትር ነው፤ 50 ሺህ ያህል ተመልካች ይይዝ እንደነበር ይገመታል። ከመጠኑ ይልቅ አሠራሩ ያስደንቃል። ከ80ዎቹ የምድር ቤት ቅስቶች 76ቱ ቁጥር የተቀረጸባቸው የሕዝብ መግቢያዎች ነበሩ፤ በሰሜኑ በኩል ቁጥሮቹ ከቅስቶቹ ራስ ላይ ዛሬም ይነበባሉ። ተመልካቹ የራሱን ቁጥር ፈልጎ ይገባል፤ ትዕይንቱ ሲያበቃም ያ ሁሉ ሕዝብ በየበሩ ተከፋፍሎ ይወጣል። የዘመኑ ስታዲየሞችም ከዚህ ዘዴ ብዙ አልራቁም። ግድግዳውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ደግሞ ድንጋዩ ጥይት እንደ በሳው ግንብ ተቦርቡሮ ያገኘዋል። ሮማውያን ድንጋዩን ከድንጋይ ያያዙት በብረት ማያያዣ ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን ብረቱ ስለተፈለገ ሰዎች ድንጋዩን እየፈለፈሉ አወጡት። በ1349 የመሬት መንቀጥቀጥ የደቡቡን ጎን ሲንደው የወደቀው ድንጋይ ለመኳንንት ቤትና ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ ተጋዘ። ለብዙ መቶ ዓመታት ኮሎሲየም ለሮም ሰዎች የድንጋይ ካባ ነበር።

ከጎኑ ያለው የቆስጠንጢኖስ የድል በር ደግሞ ከሌላ ሰው ሐውልት በተነቀለ ጌጥ የደመቀ ነው። በ315 ዓ.ም. ሲመረቅ ከቅርጾቹ ብዙዎቹ ለትራያን፣ ለሀድሪያንና ለማርቆስ አውሬልዮስ ከተሠሩ ሐውልቶች የመጡ ነበሩ፤ የቀድሞዎቹ ነገሥታት ፊትም ተጠርቦ የቆስጠንጢኖስ መልክ ወጥቶበታል። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ስለሆነ ልዩነቱ ከማንም ዓይን አያመልጥም። በአሮጌዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች እውነት ይራመዳሉ፤ የ4ኛው መቶ ዘመኖቹ አጫጭር ናቸው፣ ራሳቸው ትልልቅ፣ በረድፍ የቆሙ። የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች እነዚህን የማሽቆልቆል ምልክት ሲሉ ኖረዋል። የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው ግን ለፍርዱ አይቸኩልም።

ፓንቴዮን የተባለው ቤተ መቅደስ ከጥንቶቹ ሕንፃዎች ሁሉ በተሻለ ሁኔታ ተርፏል፤ ያተረፈውም በ609 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ነው። በፊቱ ላይ በትልልቅ ፊደል የሮማዊው ሹም የአግሪጳ ስም ተጽፏል፤ የአግሪጳ ሕንፃ ግን ተቃጥሏል። የአሁኑ ያለቀው በሀድሪያን ዘመን፣ በ126 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ሀድሪያን የራሱን ስም ትቶ የፊተኛውን ሰው ስም መልሶ አስጻፈ። የጉልላቱ ስፋት 43.3 ሜትር ነው፤ ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለው ከፍታም ያው ስለሆነ አንድ ግዙፍ ኳስ ልክክ ብሎ ውስጡ ይቀመጣል። ፌሮ ብረት ያልገባበት ኮንክሪት ነው፤ በዚህ ዓይነት አሠራር እስከ ዛሬ የሚበልጠው ጉልላት የለም። ምስጢሩ ቅይጡ ላይ ነው። ከሥር ከባድ ድንጋይ ተቀላቀለ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ቀለል ያለ፣ ጫፉ አካባቢ ደግሞ እንደ ቡሽ የሚቀልል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፤ ውፍረቱም ከሥሩ 6 ሜትር ገደማ የነበረው ጫፉ ላይ ወደ 1.2 ሜትር ይወርዳል። መሐሉ ክፍት ነው፤ ብርሃን የሚገባው በዚያ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል፣ ክብ ሆኖ ከግድግዳ ወደ ወለል ሲዞር ይውላል። ሲዘንብ ዝናቡም ይገባል። ወለሉ መሐል ላይ ጎበጥ ስለሚል ውኃው ወደ ጎን እየሸሸ በእብነ በረዱ ውስጥ በተበሱ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይሰርጋል። በበዓለ ጰራቅሊጦስ ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጣሪያው ላይ ወጥተው በዚያው ክፍተት ቀይ የጽጌረዳ አበባ ይበትናሉ።

ሠዓሊው ራፋኤል የተቀበረው እዚህ ነው። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ግን ሌላ መቃብር ፊት ሳይቆም አያልፍም፤ እሱም ዐድዋ ላይ ጦሩ ድል የተመታበት የጣሊያኑ ንጉሥ የኡምቤርቶ አንደኛ ነው። ከዐድዋ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1900፣ ሞንዛ ውስጥ በጥይት ተገደለ።

ሮም ከድንጋይ ቀጥሎ የውኃ ከተማ ናት። የጥንት ሮማውያን ከሩቅ ውኃ የሚያመጡ 11 መስመሮች ነበሯቸው። አግሪጳ በ19 ከክርስቶስ ልደት በፊት ያስገነባው አኳ ቪርጎ እየታደሰ እስካሁን ይሠራል፤ የትሬቪ ፏፏቴም ውኃው ከዚያ ይመጣለታል። ፏፏቴውን የነደፈው ኒኮላ ሳልቪ ነው፤ ሥራው በ1732 ተጀምሮ በ1762 አለቀ። ሰፈሩ ጠባብ ስለሆነ መልኩ ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። ጀርባውን ሰጥቶ በቀኝ እጁ በግራ ትከሻው ላይ ሳንቲም የወረወረ ወደ ሮም ይመለሳል ይባላል፤ ሳንቲሙ እየተለቀመ ካሪታስ ለተባለው የቤተ ክርስቲያን የበጎ አድራጎት ድርጅት ይገባል። ቀን ላይ ሕዝቡ ስለሚጨናነቅ ሰው እንጂ ፏፏቴ አይታይም፤ ገና ጎሕ ሲቀድ የመጣ ግን ከጠራጊዎቹ ጋር ብቻውን ያገኘዋል።

ለእግረኛ ከትሬቪ ይልቅ የሚጠቅመው በየመንገዱ ጥግ የቆመው የብረት ቧንቧ ነው። ናዞኔ ይባላል፤ ቁልቁል የተቆለመመው አፉ አፍንጫ ስለሚመስል ትልቅ አፍንጫ ማለት ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የተተከለ ሲሆን ዛሬ 2,500 ያህል ይገኛል። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ይጠጣል፣ አይከፈልበትም። አጠጣጡ ግን ብልሃት አለው። የሰፈሩ ሰው ከአፍንጫው ሥር አያጎነብስም፤ በጣቱ የቧንቧውን አፍ ይደፍነዋል። ያኔ ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውኃው ቅስት ሠርቶ ይፈናጠራል፣ ሰውየውም ቀና እንዳለ ይጠጣል። አዲስ መጪ መጀመሪያ ሲሞክረው ሸሚዙን ማርጠቡ አይቀርም።

ፒያሳ ናቮና የተባለችው አደባባይ ሞላላ የሆነችው የንጉሠ ነገሥት ዶሚሽያን የሩጫ ሜዳ ስለነበረች ነው፤ በዙሪያዋ ያሉት ቤቶች የቆሙት ተመልካች ይቀመጥበት በነበረው ደረጃ ላይ ነው። መሐሏ ላይ ቀራጩ በርኒኒ በ1651 የጨረሰው የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ አለ። ዓባይ፣ ጋንጀስ፣ ዳኑብና ሪዮ ዴ ላ ፕላታ በአራት ግዙፍ ሰዎች ተመስለዋል፤ ዓባይ ራሱን በጨርቅ ተሸፍኗል። መነሻው ገና ስላልታወቀ ነው ተብሎ ይተረጎማል። ይሁንና ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ የጥቁር ዓባይን ምንጭ ግሽ ላይ ያየው በ1618 ነበር። ግሽ ላለባት ለሰከላ ገበሬ ደግሞ ምንጩ ተሰውሮ አያውቅም።

ከቲቤር ማዶ ቫቲካን አለች፤ ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ የማትሞላ ራሷን የቻለች አገር። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በ1506 ተጀምሮ በ1626 ተቀደሰ። ከፊቱ ያለውን ከግብፅ የመጣ ሐውልት መሐንዲሱ ዶሜኒኮ ፎንታና በ1586 ወደዚህ ሲያዛውረው 900 ያህል ሰው በገመድ እየጎተተ ነበር። ሮም እንዲህ ያሉ 13 የጥንት ሐውልቶች አሏት። ሲስቲን ጸሎት ቤት የሚደረሰው ግን ማለቂያ የሌለው የሚመስል የሙዚየም መተላለፊያ ከታለፈ በኋላ ነው፤ እዚያ የደረሰ ሰው ግማሽ ልቡ ወንበር ፍለጋ ላይ ነው። ማይክል አንጄሎ ጣሪያውን ከ1508 እስከ 1512፣ የመሠዊያውን ግድግዳ ከ1536 እስከ 1541 ሣለው። ብዙ ሰው በጀርባው ተኝቶ የሣለ ይመስለዋል፤ የሣለው ግን መወጣጫ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ነው። ጥበቃዎቹ «ዝም በሉ» እያሉ ሕዝቡን በሚያጣድፉበት በዚያ ክፍል፣ አንገቱን የሚያሸው ጎብኚ ከሠዓሊው ሕመም ጥቂት ይካፈላል።

ከባዚሊካው ጀርባ፣ ጎብኚ ያለ ፈቃድ በማይደርስበት በኩል፣ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ የተባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ አራተኛ ጊዜ፣ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተሰጠች። በታሪክ የመጀመሪያው የግዕዝ የኅትመት መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 ሮም ውስጥ የታተመው በዚህች ቤተ ክርስቲያን መነኮሳት ምክንያት ነው። አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ የመነኮሳቱን ዜማ ሰምቶ ተማረከ፤ ቋንቋውን ግን ከለዳውያን የሚናገሩት መስሎት ነበር። ቀጥሎ ከደብረ ሊባኖስ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። ለፊደል ግድፈቱ ይቅርታ ሲጠይቁ ምክንያቱንም ገልጸዋል፤ አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፣ አባቶች ደግሞ ማተም አይችሉም። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያዊውን አባ ጎርጎርዮስን ያገኘውም በ1649 እዚሁ ሮም ነው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው፣ በ1698 የታተመው የሉዶልፍ መጽሐፍ፣ የዚያ ትውውቅ ፍሬ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ሮም ውስጥ ጣሊያንኛ ሳይማር ብዙ ያነብባል። የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ «ፌርማታ» ተጽፏል። ጎማ የሚጠግነው «ጎሚስታ»፣ መኪና የሚታጠብበት «ላቫጆ»፣ ገበያው «መርካቶ» ነው። ማኪያቶ ግን ያሳስታል። አዲስ አበባ ውስጥ በብርጭቆ ከነአረፋው የሚቀርበው ማኪያቶ እዚህ ከሁለት ጉንጭ የማያልፍ ቡና ላይ ጠብ የተደረገ ወተት ነው፤ ብዙ ሰው ባንኮኒው ዘንድ ቆሞ ይጨልጠውና ይወጣል፤ በቱሪስት ሰፈር ለተቀመጠ ዋጋው ይጨምራል። ካፑቺኖ የጠዋት ነው፤ ከምሳ በኋላ ያዘዘ ሰው እንግድነቱ ይታወቅበታል። ፒሳው በሰፊ ትሪ ተጋግሮ በመቀስ እየተቆረጠ በሚዛን ይሸጣል። መንገዱ በጥቁር ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ በመሆኑ ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረገች ሴት ታዝናለች።

ከአውሮፕላን ማረፊያ በባቡር የመጣ ብዙ ሰው የሚወርደው ቴርሚኒ በተባለው ጣቢያ ነው። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶ የተባሉት በጃንዋሪ 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ላይ፣ ዛፎች መሐል ቆሟል፤ ዳግማዊ ራምሴስ ያስቀረጸው የግብፅ ድንጋይ ነው፣ ሮም እንደ ልማዷ ለሌላ ሥራ ያዋለችው። በዙሪያው ባሉት ሰፈሮች ዛሬ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች አሉ፤ የዶጋሊ ሐውልት ባለበት ሰፈር በርበሬ ይሸታል።

ሌላው ድንጋይ ተመልሷል። የአክሱምን ሐውልት የፋሺስት ጦር በ1937 አምጥቶ ፖርታ ካፔና አደባባይ፣ ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ሕንፃ በታሰበው ቦታ ፊት ተከለው። 24 ሜትር ቁመት አለው፤ ክብደቱም ከ150 ቶን በላይ ነው። ጣሊያን ልትመልሰው በ1947 ፈርማ ነበር፤ ሕንፃው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ መሥሪያ ቤት ከሆነ በኋላም ሐውልቱ እዚያው ቆየ። በ2002 መብረቅ መታው። በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008ም ቆመ።

ሐውልቱ እዚያ በቆመበት ዘመን አንድ ምሽት ግን ለኢትዮጵያ የድል ምሽት ሆኗል። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 የኦሊምፒክ ማራቶን ከካፒቶሊን ኮረብታ ሥር ተነሣ፤ ሙሶሊኒ የኢትዮጵያን ወረራ በ1935 ያወጀበት የፓላሶ ቬኔሲያ ሰገነት ከዚያ ብዙ አይርቅም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሯጮቹ በጥንቱ የአፒያ መንገድ ወታደሮች ችቦ ይዘው ባበሩላቸው ድንጋይ ላይ ይገሰግሱ ነበር። ባዶ እግሩን የነበረው አበበ ቢቂላ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ትከሻ ለትከሻ መጥቶ፣ በፖርታ ካፔና በኩል በሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፣ በዓለም ፈጣን በሆነ ጊዜ፣ በቆስጠንጢኖስ የድል በር ሥር ገባ።

ከዚህ ሁሉ ድንጋይ ሥር ሦስተኛው የሜትሮ መስመር ይቆፈራል፤ አካፋው ሁልጊዜ አንድ ነገር ስለሚነካ ሥራው ዓመታት ይወስዳል። አምባ አራዳም በተባለው ጎዳና ለጣቢያ ሲቆፈር 9 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ በሀድሪያን ዘመን የተሠራ የወታደሮች መኖሪያ ወጣ፤ በ2016 ይፋ ሲሆን 39 ክፍሎች ተቆጥረውለት ነበር። የጎዳናው ስም የመጣው በ1936 የራስ ሙሉጌታ ጦር ከተደመሰሰበት ተራራ ነው። ጣሊያኖች ቃሉን «አምባራዳን» ብለው ሲናገሩ ዝብርቅርቅ፣ ትርምስምስ ማለታቸው ነው፤ ብዙዎቹ ከየት እንደመጣ አያውቁም። በ2020 የከተማው ምክር ቤት ጣቢያው በዚያ ስም ቀርቶ በጆርጆ ማሪንኮላ እንዲሰየም ድምፅ ሰጠ፤ ከሶማሊያዊት እናት ተወልዶ ናዚዎችን ሲዋጋ በ1945 የተገደለ አርበኛ ነው። በመጨረሻ ግን ጣቢያው በአቅራቢያው ባለው የጥንት ቅጥር በር ፖርታ ሜትሮኒያ ተባለ። የወታደሮቹ ክፍሎች ቁጥር እየተሰጣቸው ተነሡ፤ ቁፋሮው ወደ ታች ቀጠለ፣ ክፍሎቹም ተመልሰው በጣቢያው ውስጥ ተተከሉ።